ያልጠጡት ለሳኝ፦ የጋሽ ውሃልክ የሕይወት ታሪክ

ሁላችሁም ጋሽ ውሃልክ እያላችሁ የምትጠሯቸው አባታችን፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1953 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ፣ ከወንዙ ማዶ በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። እናታቸው ስለዚያች ቤት ሲያወሩ «ውስጥም ውጪም እኩል ይዘንብ ነበር» ይሉ ነበር። አባታችን ደህና ግድግዳ መውደድ የጀመሩት ከዚያው ሳይሆን አይቀርም።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ሒሳብ ነፍሳቸው ነበር፤ ወላጅ አባታቸው ሲያርፉ ግን ደብተራቸውን አስቀምጠው የአባታቸውን ቱንቢ አነሡ። ልስን ያስተማሯቸው አንድ ቁጡ ባለሙያ ነበሩ። ጎበጥ ያለ ሥራ ካዩ «ይሄ ግድግዳ ነው ወይስ እርጉዝ?» እያሉ ከነአካቴው ያስፈርሷቸው ነበር። በሃያ ዓመታቸው ራሳቸውን ቻሉ። የክሊኒኩ ኮሪደር፣ የሲኒማ ቤቱ ደረጃ፣ እኛ የተማርንባቸው ክፍሎች የእርሳቸው እጅ ሥራ ናቸው።

ስማቸውን ያወጣላቸው የብዙ ዘመን የሥራ ባልደረባቸው ፎርማኑ ነው። አባታችን ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት የተንጋደደ ፎቶ ያቃኑ ነበር። በአንድ ሠርግ ላይ ከሙሽሮቹ ኋላ ያለውን መጋረጃ ሊያስተካክሉ ወጥተው፣ በሙሽሮቹ ፎቶ ሁሉ ላይ ጀርባቸው ቀርቷል። ፎርማኑ «አንተ ሰውዬ፣ ውሃልክ ውጠሃል እንዴ?» አላቸው፤ ውስጡ ባለው ውሃ የግድግዳን ቀጥታነት የሚለካው የግንበኛ መሣሪያም ስማቸው ሆኖ ጸና።

በ1978 ዓ.ም. ከቀለም መደብር ሻጯ ከውድ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ከዚያ በፊት ብሩሽ እየገዙ ስንት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ ለሳኝ ያን ሁሉ ብሩሽ ምን ሊያደርግለት! ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ሥራ የማይሆንለትንና ሰማይ ሰማዩን የሚያየውን የመጨረሻ ልጃቸውን እንኳን አልተቆጡም። «ተዉት፣ እሱ የሚለስነው ደመና ነው» ይሉ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የአንድ ሕንፃ ደረጃ ሲለስኑ የመወጣጫው ጣውላ ከዳቸውና ወደቁ። ጭንቅላታቸው ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ሐኪሞች የአንጎላቸው ግንድ ላይ ደም ፈሷል ብለው ነበር፤ አባታችን ግን ተነሡ። በእግራቸው ቤት ገብተው መጀመሪያ ያደረጉት የግድግዳ ሰዓቱን ማቃናት ነበር።

ከወራት በኋላ፣ ዳኑ ብለን ባረፍንበት ጊዜ፣ እግራቸው ይወላገድ፣ ምላሳቸው ይተሳሰር ጀመር። ዓይኖቻቸው ወደ ላይ ወደ ታች ይዘላሉ፤ ላንቃቸው ሳያቋርጥ ይርገበገባል። በጆሯቸው ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ነበር፤ ጆሮውን ያስጠጋ ሰው ሁሉ ይሰማው ነበር።

ሩቅ የቆመ ሰው ግን የሚያየው ሲንገዳገዱ ብቻ ነው። «ውሃልኩ ውስጥ መጠጥ ገብቶበታል!» ተባለ። ፎርማኑም «ሰካራም መወጣጫ ላይ አላወጣም» ብሎ ከሥራ መለሳቸው። ጠብታ ቀምሰው የማያውቁት ሰው ጠጪ ተባሉ። ባለቤታቸው እንኳን አንድ ቀን ኮታቸውን ሲያወልቁላቸው ጠጋ ብለው ትንፋሻቸውን አሸተቱ። አባታችን ዐወቁ። ይህ እዚህ እንዲጻፍ ያዘዙት እናታችን ራሳቸው ናቸው።

በመጨረሻ አንዲት የነርቭ ሐኪም ኤምአርአይ አዘዙላቸው። አባታችን ከመሣሪያው ሲወጡ «ሲሚንቶ ማቡኪያ ውስጥ ተኝቼ ወጣሁ» አሉ። ሐኪሟ በምስሉ ላይ አሳዩን፤ ከአንጎል ግንድ ላይ የወይራ ፍሬ የመሰሉ ሁለት አካላት አሉ። የሚገታቸው መስመር በጉዳት ሲቆረጥ፣ እንደሌላው አካል በመክሳት ፈንታ ከወራት በኋላ ያብጣሉ፤ ልጓም እንደጣለ ፈረስም በራሳቸው ምት ይመታሉ፤ ዓይንንና ላንቃንም ያዘልላሉ። የአባታችን በምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። እጅግ ብርቅ ሕመም ስለሆነ ሌሎች ሐኪሞች ሊያዩ ተጠራሩ። አባታችን «ልስኔን ሊያይ ያልመጣ ሁሉ ጭንቅላቴን ሊያይ መጣ» ብለው አሳቋቸው። መድኃኒት ተሞከረ፤ አልመለሰውም።

የኤምአርአዩን ፊልም ብርሃን እንዲያገኘው ሳሎን መስኮት ላይ አሰቀሉት። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያችን ነጭ ነጥብ በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው እያሳዩ «ይኸውላችሁ ጠርሙሴ» ይሉ ነበር። ፎርማኑም መጣ። ፊልሙን አይቶ ቆቡን አወለቀና «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አለ። አባታችን «ወደ ግራ ዘመም ብሏል፣ አቃናው» አሉት። በዚያ በሚዘል ዓይናቸው እንዴት እንዳዩት አናውቅም። ፎርማኑ እያለቀሰ ፊልሙን አቃና፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ እየመጣ ጢማቸውን የሚላጫቸው እርሱ ነበር።

በመጨረሻው ዓመት ውሃ እንኳን ትን ይላቸው ጀመር፤ ይህም የሳምባ ምች አመጣባቸው። ያ ድምፅ በእንቅልፋቸውም አያቆምም ነበርና፣ እናታችን ጆሯቸውን ከአባታችን ጆሮ አስጠግተው በእርሱ ይጽናኑ ነበር። ማክሰኞ መጋቢት 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳቸው ቢጠጉ፣ ቤቱ ጸጥ አለባቸው። አባታችን በስድሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

ከማረፋቸው በፊት ቃላቸውን ጎትተው ጎትተው ያሉት «ሰው በተሰበሰበበት፣ አልጠጣም ነበር በሉልኝ» ነው። እነሆ ብለናል፤ አባታችን አልጠጡም።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና ወንድማቸውን ፎርማኑን ትተውልን ሄደዋል። ያን ያህል ዘመን ዕረፍት ያጡ ዓይኖቻቸውን አምላክ በማይናወጥ ነገር ላይ ያሳርፍልን፤ ለነፍሳቸውም ስንጥቅ የሌለበት ቤት ይስጥልን። ስትወጡ በሩ አጠገብ ያለው ፎቶግራፋቸው ዘመም ብሎ ካገኛችሁት፣ እባካችሁ ስለ እርሳቸው አቃኑት።