ሳንባቸውን ለሥራቸው የተዉት የ«እማማ በረዶ» የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው እኅታችን፣ በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «እማማ በረዶ» እየተባሉ የሚታወቁት የሳንባ ተመራማሪ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከመሰንጠቂያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት የዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ወንድማቸው ተከተለ፤ ሦስተኛ አልመጣም። ዩኒቨርሲቲው ለዛሬው ቀን ጽፎ በላከው ወረቀት ላይ ልደታቸው በአንድ መስመር ታልፏል፤ ወንድም እንዳላቸውም አይነሣም። ስለዚህ ይህኛውን ቤተሰቡ ጻፈው።

ያቺ ቤት መስኮቷ ሲከፈት የመጋዝ ብናኝ የሚገባባት፣ ሲዘጋ የምታፍን ነበረች። እናታቸው የሰፉትን ልብስ ለደንበኛ ከማስረከባቸው በፊት ደጃፍ ላይ ቆመው ያራግፉ ነበር። እኅታችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጥያቄ የማያልቅባቸው ስለነበሩ አባታቸው «ይቺን ልጅ የሚያገባት ሰው መልስ በኩንታል ጭኖ ይምጣ» እያሉ ይስቁ ነበር።

እኅታችን አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። አባታቸውን መጀመሪያ ደረቅ ሳል ያዛቸው፤ ከዚያ ደረጃ መውጣት አቃታቸው፤ ከዚያ ጫማቸውን ለማሰር ማጎንበስ። ሐኪሙ ሳንባቸው ጠባሳ እያበጀ እንደሆነና ጠባሳው ወደ ኋላ እንደማይመለስ ነገራቸው። በዚያው መጋዝ፣ በሌላው ጫፍ የሚሠሩ፣ ሲያወሩ መንደር ስለሚሰማቸው «አባ ጡሩምባ» የተባሉ ባልደረባ ነበሯቸው። ያንኑ ብናኝ ያንኑ ያህል ዘመን የሳቡ ናቸው፤ በዚያ ላይ ሲጋራ ከአፋቸው አይለይም። አንድ ቀን ሳል የሚባል አልነካቸውም። ሊጠይቁ ሲመጡ «እኔንማ አቧራው ራሱ ንቆኝ ነው» ይሉ ነበር፤ አባታቸውም ለመሳቅ ሲሞክሩ ይታፈናሉ። እኅታችን አንድ ቀን ከፊታቸው ቆመው «ጋሼ፣ አቧራው አንድ፣ መጋዙ አንድ። ታዲያ አባዬ ብቻ ለምን?» ብለው ጠየቋቸው። አባ ጡሩምባ የያዙትን ሲጋራ አጥፍተው ወጡ። የእኅታችን ሥራ የተጀመረው ያን ቀን ነው እንጂ ወረቀቱ እንደሚለው በዩኒቨርሲቲ አይደለም።

አባታቸው ሥራ ሲያቆሙ ከሁለቱ ልጆች አንዱ ደመወዝ ማምጣት ነበረበት። «እሷ ጭንቅላት አላት፣ እሱ ጉልበት አለው» ተባለ። ወንድምየው ሰባተኛ ክፍል ነበር። ጭንቅላቱን ፈትሾ ያየለት ሰው ስላልነበረ ነገሩ በዚያው ጸና። እሱ የጭነት መኪና ረዳት፣ ኋላም ሾፌር ሆነ። እሳቸው ሁለተኛ ደረጃን በከፍተኛ ውጤት ፈጽመው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ ቀጥሎም ውጭ አገር ሄደው የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። አባታቸው ሲያርፉ ፈተና ላይ ስለነበሩ አልመጡም። የቀበራቸው ወንድምየው ነው።

በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው ተመልሰው ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ፤ አንዲት ሴት ልጅም አፈሩ። በሠርጉ ዕለት የሙሽሮቹን መኪና የነዳው ወንድማቸው ነበር። ፎቶግራፉ ላይ የመኪናው አፍንጫ አለ፤ ሾፌሩ የለም።

ሥራቸው በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ባለው ላብራቶሪ ነበር። ሰው ሁሉ ስለማያውቀው እዚህ ላይ በአጭሩ ይነገራል። በኦፕራሲዮን ከወጣ የሰው ሳንባ ላይ ባቄላ የምታህል ቁራጭ ይወስዳሉ፤ ወዲያው ያቀዘቅዟታል፤ ከዚያም በውስጧ የትኞቹ ጂኖች ሥራ ላይ እንደነበሩ፣ የትኞቹ ዝም እንዳሉ ያነብባሉ። የታመመውን ከጤነኛው ጋር ያስተያያሉ። እናታቸው በአንድ ወቅት «እኮ ምኑን ነው የምታነቢው?» ቢሏቸው፣ «እማዬ፣ የዓይንም የሳንባም መመሪያው አንድ መጽሐፍ ነው። የሚለያየው የትኛው ገጽ ተከፍቷል የሚለው ነው» አሉ። እናታቸው መርፌያቸውን ሳያቆሙ «ታዲያ ያባትሽን ገጽ ማን ከፈተው?» አሉ።

«እሱን ነው የምፈልገው።»

«ስታገኚው ዝጊው» አሉ እናታቸው።

ይህ ንባብ እንዲሰምር ቁራጯ መዘግየት የለባትም። ከሰውነት የወጣ ሳንባ ወዲያው አይሞትም፤ አየር ሲያጣ ይጨነቃል፤ ሲጨነቅ ሌሎች ጂኖች ይነሣሉ፤ የሚነበበውም ይበላሻል። ስለዚህ በሰፊው ግቢ ሌላ ጫፍ ካለው የኦፕራሲዮን ሕንጻ ወደ ላብራቶሪው የበረዶ ሳጥን የሚያደርስ ሾፌር ሲፈለግ እኅታችን ወንድማቸውን አስቀጠሩ። ለዚህ ተመስግነዋል። ወንድምነቱን ግን አልተናገሩም። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ሾፌራችን ነው» ይሉ ነበር። እሱም ቤት «እታለም»፣ ሥራ ቦታ «እሺ ዶክተር» ማለትን ለመደ።

በአርባ አንድ ዓመታቸው እኅታችን በታመመ ሳንባ ውስጥ ዝም የሚሉ ጂኖችን አገኘሁ ብለው ጽሑፍ አወጡ። ትልቅ ስም አተረፉበት፤ የላብራቶሪው ኃላፊም ሆኑ። ብዙ ሳይቆይ ሌላ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ያንኑ ሥራ ቢደግሙት አላገኙትም። ስብሰባ ተጠራ። «ምን ሊሆን ይችላል?» ሲባሉ እኅታችን ደክሟቸው ነበር፤ «ምናልባት ናሙናው መንገድ ላይ ዘግይቶ ይሆናል» አሉ። ወንድማቸው ሳጥኑን እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ነበር። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ዞረው ካዩት መካከል ዛሬ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አሉ። እሱ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አኖረ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከላዩ አስቀመጠ፣ ወጣ። ወደ ጭነት መኪናው ተመለሰ።

እውነቱን ያገኙት ራሳቸው እኅታችን ናቸው፤ ይህ ሊካድ አይገባም። በኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ እየቆሙ የሚሠራውን ሁሉ አዩ። የታመመው ሳንባ ወዲያው ወደ በረዶ ይገባል፤ ሁሉም ይሳሳለታል። ጤነኛው ግን ከሌሎች ሕመምተኞች ሳንባ ዕጢ ሲወጣ ከዳር አብሮ የሚቆረጥ ስለነበር፣ ሐኪሞቹ ዕጢውን መርምረው እስኪጨርሱ የብረት ሳህን ላይ ይቀመጣል። ጤነኛ ነው ተብሎ ማንም አልቸኮለለትም። ሾፌሩ እጅ ከመግባቱ በፊት ታፍኖ ነበር። እኅታችን ያስተያዩት የታመመን ከጤነኛ ሳይሆን የታመመን ከታፈነ ጋር ነው። በሽታው ዝም አሰኛቸው ያሏቸው ጂኖች ዝም አላሉም፤ በታፈነው ጤነኛ በኩል ጩኸቱ በዝቶ ነው።

እኅታችን ጽሑፋቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ሰረዙ። በትልቅ ጉባኤ ፊት ቆመው «ስሕተቱ የእኔ ነው፤ መንገድ ላይ የዘገየ ነገር የለም» አሉ። በዚሁ ምክንያት ኃላፊነታቸውን ተቀሙ። ይህን ለጉባኤው ተናገሩ፤ ለወንድማቸው አልተናገሩም። እሱ የሰማው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ከላብራቶሪው የጽዳት ሠራተኛ ነው።

«አንተዬ፣ ነጻ ወጥተሃል እኮ» አለችው።

«ማን አስሮኝ?» አላት።

ከዚያ ወዲህ እኅትና ወንድም ሠርግና ለቅሶ ካልሆነ አልተገናኙም። እሳቸው ደውለው ጤናውን ይጠይቃሉ፤ እሱ ደኅና ነኝ ይላል። እናታቸው እስኪያርፉ ድረስ «በሁለታችሁ መካከል የጎደለው አንድ ቃል ነው» ይሉ ነበር። ማን ይናገራት የሚለውን ግን አልፈረዱም።

እኅታችን ሥራቸውን ከባዶ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ናሙና በሌላ ሰው እጅ አላስነኩም፤ «በረዶ የታለ? በረዶ!» እያሉ በኮሪደሩ ስለሚሮጡ ነርሶቹ «እማማ በረዶ» አሏቸው። በሃምሳ አራት ዓመታቸው ያወጡት ሥራ እስከዛሬ አልተነቀፈም። በጠባሳ በሚያዝ ሳንባ ውስጥ ቁስል ለመጠገን የተነሡት ጂኖች ቁስሉ ከተጠገነ በኋላም ሥራቸውን እንደማያቆሙ አሳዩ። ለተማሪዎቻቸው «ቁስሉ ድኗል፤ ጠጋኞቹ ግን ወሬው አልደረሳቸውም» ይሉ ነበር። ለምን እንዳልደረሳቸው ግን እኅታችንም ሳያውቁ ቀሩ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ደረቅ ሳል ጀመራቸው። የአባታቸው ሳል ነበር። የሳንባቸውን ፎቶ ራሳቸው አነበቡት፤ ለባለቤታቸውም «በስተርጅና ናሙና ሆንኩልህ» ብለው ቀለዱ። መምህሩ አልሳቁም። እኅታችን ሲያርፉ ሳንባቸው ወዲያው ወጥቶ ለላብራቶሪው እንዲደርስ ፈለጉ፤ ሕመሙ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የሚያውቁት ቤተሰብ የራሳቸው ብቻ ነበርና። ልጃቸው «እናቴ ሙሉ አካሏን ትቀበር» ብላ አለቀሰች። ነገሩ ተንጠልጥሎ ሰነበተ። በመጨረሻ እኅታችን ወንድማቸውን አስጠሩ።

መጥቶ በር ላይ ቆመ። የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ነበር፤ ትንሽ ተናግረው ያርፋሉ።

«ግባ እንጂ፣ አኩራፊው» አሉት።

«አለሁ፣ እታለም።»

«ሳጥኑን አንተ ታደርስልኛለህ።»

«ሾፌር አላቸው።»

«ሾፌርማ አላቸው። እኔ ወንድሜን ነው ያልኩት።»

እሱ ወደ መስኮቱ አየ። «ብዘገይስ?» አለ።

እኅታችን ሊስቁ ሲሉ እንደ አባታቸው ታፈኑ። ትንፋሻቸው ሲመለስ «ዘግይተህ አታውቅም» አሉት። «አንድም ቀን።»

ወንድምየው ከመስኮቱ ዞሮ «ያው የድሮው ሳጥን ነው? ክዳኑ እኮ አይገጥምም ነበር» አለ። ከራስጌ ቆማ የነበረችው ልጃቸው እንባዋን ጠረገች፤ «አጎቴ የሚይዘው ከሆነ ይሁን» አለች።

ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት እኅታችን በሆስፒታሉ ባለቤታቸውና ልጃቸው ባሉበት ዐረፉ። ሐኪሞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሳጥኑን ለወንድማቸው አስረከቡት። ክዳኑን በሲባጎ ጠፍሮ ነዳ። ላብራቶሪው በር ላይ የተቀበለችው ወጣት ተመራማሪ ስለማታውቀው «ሾፌሩ እርስዎ ነዎት?» አለችው።

«ወንድማቸው ነኝ» አለ።

ክዳኑን ከፍታ በረዶውን አየች። «አልቀለጠም» አለች፤ ይዛው ሮጠች።

ስለዚህ እኅታችን ዛሬ የሚቀበሩት ያለ ሳንባቸው ነው። ለቀስተኛው ይህን ከሐሜት ከሚሰማው ከቤተሰቡ ይስማው። እኅታችን የሒሳብ መምህሩ ባለቤት፣ የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የአንድ ወንድም እኅት ነበሩ።

እስትንፋስን የሰጠ አምላክ ነፍሳቸውን ትንፋሽ በማያጥርበት ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጃቸው ብርታት ይስጥልን። ወደ አባታቸው የሚሄዱት የዚያን የልጅነት ጥያቄ ግማሽ መልስ ይዘው ነው። ቀሪው በበረዶ ውስጥ አለ፤ ሳይዘገይ ደርሷል።