ፈህሚያ ዝንብ ስትቆጥር

ጥር 6 ቀን 2007

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ። ባለቤቱ መጥቶ አንዱ ረዝሟል አለ። አልረዘመም። እሱ ነው ያጠረው።

ወደ ማታ የልጄ ልጅ ፈህሚያ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። በቦርሳዋ ጠርሙስ፣ በጠርሙሱ ዝንብ። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናቸው ናቸው። የምትሠራበት ክፍል ሊታደስ ተዘጋ፤ ዝንቦቹ ደግሞ ብርድ አይችሉም፤ እስኪከፈት እዚህ ይቆዩልኝ አለች። ዕድሜዬን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ ላይ ዝንብ ሳባርር ኖሬ… አይገቡም አልኩ። እናቷ፣ ምራቴ ሐዲጃ፣ ከት ብላ ሳቀች።

ገቡ። የከሰል ካውያው ክፍሌን ስለሚያሞቀው እኔው መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። ቃሌን አላጠፍኩም። የፈቀድኩት ለጠርሙሶቹ ነው።

ጥር 9

ስለ ዝንቦቹ ጠየቅኩ። ለማወቅ ጓጉቼ አይደለም። ቤቴ ያደረ ሁሉ ሥራው መታወቅ አለበት።

መጀመሪያ ወረቀቷን ተቀብዬ አየሁ። እንግሊዝኛ ነው። በራሴ ከለመድኩት ውስጥ “ዝንብ” የሚለውን አገኘሁ። ሌላው ቀረኝ። ስፌትንም ማንም አላስተማረኝም፤ ይህም አያቅተኝም… ግን ንገሪኝ አልኳት።

የፍራፍሬ ዝንብ ናቸው፤ ከሰሊጥ ፍሬ እምብዛም አይበልጡም። ካደጉም በኋላ በውስጣቸው እናት የሚባሉ ሴሎች አሉ አለች። እናቲቱ ትከፈላለች፤ አንዱ ክፋይ ሄዶ ሌላ ነገር ይሆናል፤ አንዱ እናት ሆኖ ይቀራል። የሚቀረው ለምን ይቀራል? በውስጡ እኮ የመላው ዝንብ አሠራር አለ፤ የክንፉም፣ የእግሩም፣ የኋላ አካሉም። ያንን ሁሉ ዘረመል ይዘው ዝም የሚያሰኙ ፕሮቲኖች ስላሉ ነው። ጥናቷ እነሱ ላይ ነው። ፕሮቲኖቹን ሲያጠፉባቸው ሴሎቹ ማንነታቸውን ይረሳሉ፤ ያለ ልክ ይባዛሉ፤ ጎረቤታቸውን ገፍተው ያስወጣሉ።

“ፕሮቲኖቹ እርስዎን ይመስላሉ አያ” አለችኝ። “እነሱ ባሉበት ማንም አይናገርም።”

ሐዲጃ አፏን በሻሿ ሸፈነች። ያላየሁ መሰላት።

እነዚህ ሴሎች ከዝንቡ የት ላይ ናቸው? አልኳት። ከወንዱ ነው አለች። ከወንዱ የት? መሬት መሬት አየች… ገባኝ። ስለ ብርዱ ጠየቅኩ።

ጥር 15

ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ዐብደላ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ወዳጄ ነው። ፈህሚያን ለልጁ ለአኒስ ጠየቀ። ልጁ ሸጋ ነው። ሠርጉ ከረመዳን በፊት ይሁን፤ ከዚያ አኒስ ሱቅ ወደከፈተበት ወደ መተማ ይሄዳሉ። ትምህርቱስ? ማንም አላነሳውም። እኔም።

አባቷ ከሞተ ወዲህ ወሊዋ እኔ ነኝ፤ የምድራት እኔ። ቢሆንም ልጅ ሳትጠየቅ አትዳርም። ገብቼ ጠየቅኳት። ዝንቦቹን ለአፍታ በበረዶ አደንዝዛ ሳህን ላይ ዘርግታ ትቆጥራለች፤ ዓይኗ ማጉያ መነጽሯ ላይ ነው። ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ የት እንደሚወስዳት ነገርኳት። ዝም አለች።

ልጃገረድ ዝም ካለች ፈቀደች ማለት ነው። እናቶቻችን ሁሉ በዚህ ነው የተዳሩት። ወጥቼ እሺ አልኳቸው። ቃሉ እንዲጸና ፋቲሃ ቀራን።

ጥር 17

ፈህሚያ ምግብ አልበላም አለች። ጠራኋት።

ያኔ ሰምተሽኝ ነበር? ሰምቻለሁ አለች። ምነው ታዲያ ዝም አልሽ?

“አፌን ይዤ ነው። ብለቀው የማልመልሰው ነገር ይወጣ ነበር።”

ዝምታ ፈቃድ ነው አልኳት።

“የዝንቡም ዘረመል ዝም ብሏል አያ። ግን ፈቅዶ አይደለም። ተይዞ ነው። በየዕለቱ የሚይዘው አለ።”

መያዙ ይበጀዋል ብለሽ የለ? አልኳት። አሸነፍኳት ብዬ።

“ለሴሉ አዎ። እኔ ሴል ነኝ?”

ካውያው በረደ ብዬ ወጣሁ። አልበረደም ነበር።

ጥር 18

ቃል ቃል ነው። አላጥፍም።

ጥር 19

የግራውን እጅጌ በቀኝ ሰፋሁ። እኔ! ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ሐዲጃ አይታ ምንም አላለችም። በዚህ ቤት ስንቱ ነው አፉን ይዞ የኖረው?

ጥር 22

ሐጂ ዐብደላ ሱቅ ሄድኩ። ቁጭ በል አለኝ። ቆሜ ተናገርኩ፤ ብቀመጥ ሌላ ወሬ እንደማመጣ አውቃለሁ።

ልጅቷ አልፈቀደችም አልኩት። ፈቀደች ብለኸን ፋቲሃ አልቀራንም ወይ? አለ። ዝም አለች፤ ፈቀደች ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷን እንዳትወቅሱ አልኩት። ይህን ደግሞ ማን አስተማረህ? አለኝ። ውሸት አልወድም። ዝንብ አልኩት።

አልሳቀም። ጨርቁን ሲጠቀልል ቆየና፦

“ዕድሜህን ሙሉ ልብሴን ሰፍተሃል። ጠበበኝ ብዬ ስጮህ አንድ ቀን አልሰማኸኝም። ዛሬ ዝም ያለችውን ሰማህ?”

ጠቦት አያውቅም። እሱ ነው የወፈረው… ግን አልተናገርኩም። እኔም አፌን ያዝኩ። ከባድ ሥራ ነው።

አኒስ ያዝናል አለ። ያዝናል አልኩ። እስከ በር አልሸኘኝም። ሁልጊዜ ይሸኘኝ ነበር።

የካቲት 3

ሐጂ ዐብደላ ከመስጊድ ስንወጣ ሰላም አለኝ። አጭር ሰላም። ልብሱን ሌላ ሰፊ ዘንድ ወስዷል አሉ። ያየዋል።

ክፍሉ ታድሶ አልቋል፤ ዝንቦቹ ነገ ይሄዳሉ። መደርደሪያዬን አገኛለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባል።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሐዲጃ ሻይ ለፈህሚያ አድርስላት አለችኝ። ሐዲጃ እኔን ማዘዝ ከጀመረች ሰነበተች። ይዤ ገባሁ። ዓይኗ ማጉያው ላይ ነው፤ ከንፈሯ ይቆጥራል። ፈህሚያ አልኩ።

“አልፈልግም አያ” አለች፤ ቀና እንኳ ሳትል።

“ሻይ ነው እኮ።”

“ሻዩንስ እፈልጋለሁ።”

ከሳህኑ አጠገብ አኖርኩላት። ዝንብ እንዳይገባበትም ከደንኩት።