ንጉሡ መልስ የነፈጓቸው የአሚየኑ እንደራሴ

የጨርቅ ነጋዴው ማቱረን ጎዳር ከአባታቸው ከፒየር ጎዳርና ከእናታቸው ከኮሌት ላንግሌ በ1572 በአሚየን ከተማ ተወለዱ። በደብሩ ትምህርት ቤት ላቲን ከተማሩ በኋላ ንግድ ለመልመድ ለንደን ተሻግረው ጥቂት ዓመታት ኖሩ፤ የእንግሊዞችን ምክር ቤት አሠራር ያወቁት ያኔ ነው። በ1600 ወይዘሮ ክሎድን አግብተው እኔን ዣኬትንና እህቴን ማርትን ወለዱ። የደብራችን ቄስ ይህን የሕይወት ታሪካቸውን ጽሑፍ አይተው «ቁጣሽን ቀነስ አድርጊው» ብለውኝ ነበር። አልቀነስኩም።

በ1614 ንጉሡ የካህናቱን፣ የመኳንንቱንና የተራውን ሕዝብ እንደራሴዎች ፓሪስ ሲጠሩ፣ የአሚየን ሰው የጨው ግብር እንዲቀነስለት አባቴን ላከ። አባቴ በተራው ሕዝብ ጉባኤ ተነስተው «እንግሊዞች አቤቱታቸው ሳይሰማ ግብር ለመፍቀድ አይቸኩሉም። የገጠሩ ባላባትና የከተማው ነጋዴ አንድ አዳራሽ ተቀምጠው ይመክራሉ። እኛ ሦስት ቦታ ተከፋፍለን እንናከሳለን፤ አቤቱታችንን ሰጥተን ባዶ እጃችንን እንቀራለን» አሉ። ከሬንስ ከተማ የመጣ አንድ ጠበቃ «ሙሲዮ ጎዳር፣ እንግሊዝ ከናፈቀዎት መርከብ ሞልቷል» ብሎ አሳቀባቸው።

የመኳንንቱ አፈ ጉባኤ ቆሞ ሲናገር የእኛው ተንበርክኮ ተናገረ፤ ወጉ ነው ተባለ። አቤቱታው ለንጉሡ በተሰጠ ማግስት እንደራሴዎቹ ሲመጡ አዳራሹ ተቆልፎ፣ ወንበሩ ሁሉ ወጥቶ አገኙት። ዘበኛው አባቴን «ጌታዬ፣ አገርዎ ይግቡ፤ መልሱ ይላክልዎታል» አላቸው። መልስ የሚባል ነገር አልመጣም፤ ጉባኤውም እስከ ዛሬ አልተጠራም። ጨው የተወደደባቸው ሴቶች ግን ንጉሡን መስደብ ስለማይችሉ አባቴን በገበያው መሀል «የላክንህ ለዚህ ነው?» እያሉ ሰደቧቸው። ይህን አልረሳሁም።

የእንግሊዙም ንጉሥ ምክር ቤቱን ለዓመታት ዘግቶ ነበር። ጦርነት መጥቶ ገንዘብ ሲያጥረው ግን ሳይወድ በግዱ ከፈተው። የእኛው ንጉሥ ግብሩን ሳይጠይቁን ስለሚወስዱ ለምን ብለው ይጠሩናል? አባቴ ወሬውን አልጋ ላይ ሆነው ሰምተው «የእኛስ?» አሉ።

በሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 1641 አረፉ። ባለቤታቸውንና ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። በማግስቱ አስከሬናቸው ገና ከቤት ሳይወጣ የጨው ሹሙ መጥቶ በእያንዳንዱ ሰው ልክ በግድ የምንገዛውን የመንግሥት ጨው ዋጋ ጠየቀን። ማቱረን ሞተዋል ብንለው «ለዘንድሮ ተቆጥረዋል፤ የእሳቸውንም ትገዛላችሁ» አለ። ገዛን።

አቤቱታን ቀድሞ የሚሰማ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያሳርፍ።