አውቶቡሱ ያለ እኔ ሄደ

ኖቬምበር 6
ሩዝ አጠብኩ፣ ልብስ አሰጣሁ፣ ሻይ አፈላሁ። ቴትሱሮ ጡረታ ከወጣ ስምንት ወሩ። ያ ባቡር ጣቢያ ሙሉ ያዝዝ የነበረ ባሌ አሁን የሚያዘው እኔን ብቻ ነው። ቃሉ ሦስት ነው። «ሻይ»፣ «እራት»፣ «መታጠቢያ»። «አምጪ» እንኳ አይልም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ!
ዛሬ ዐይኑን ጋዜጣው ላይ ተክሎ «ሻይ» ሲል ማንቆርቆሪያው ከክንዱ አንድ ስንዝር ነበር። ቀዳሁለት። ሳያየኝ ጠጣው።

ኖቬምበር 7
ወጣሁ። «ሩዙ ድስት ውስጥ ነው። ፍል ውኃ ሄጃለሁ» ብዬ ከማረፊያው ስልክ ጋር ጠረጴዛው ላይ ጽፌ። ሁለት ባቡር፣ ከዚያ ተራራውን የሚወጣው አውቶቡስ። ቅጠሉ ረግፎ አልቋል። የድኝ ሽታ ገና ከድልድዩ ተቀበለኝ።
የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ቶሚኮ በር ላይ ተንበርክካ ስንት ሌሊት እንደማድር ጠየቀችኝ። አንድ ልል አፌን ከፈትኩ... «አላውቅም» አልኩ።  ጫማዬን አንስታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

ኖቬምበር 8
ውኃው እንደ ወተት ነጭ ነው። እስከ አንገቴ ገባሁ። ከበታች ወንዙ ይጮኻል። አጠገቤ እማማ ኪዮ የሚሏት የሰማንያ አራት ዓመት ገበሬ ነበረች። በየዓመቱ ሩዟን አጭዳ ስትጨርስ ጉልበቷን ልትዘፈዝፍ ትመጣለች።
ባሌ ሞቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አለ አልኳት።
«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»
«እታጠባለሁ።»
እስኪያስላት ሳቀች።

ኖቬምበር 10
ቴትሱሮ ደወለ። የብርድ ካናቴራው የት እንዳለ ጠየቀ። ነገርኩት። ዘጋው። ደህና ነሽ ወይ የለ፣ መቼ ትመጪያለሽ የለ።
ልብስ እየሰፋሁ ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለኝ። የማንንም አልነካሁም። እቆያለሁ።

ኖቬምበር 13
ልጄ ሚናሚ ከቶኪዮ ደወለች። አባቷ የታሸገ ኑድል ብቻ እየበላ ነው አለችኝ። ጎረቤቶችም የት እንደሄድኩ መጠየቅ ጀምረዋል አለች።
«እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ሰው ምን ይልሻል?»
«ገላዋን ታጠበች ይለኛል።»
 ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን ደህና ነሽ?» አለችኝ። ከዘጋች በኋላ አለቀስኩ። ማልቀስ ግን መጸጸት አይደለም። አልተጸጸትኩም።

ኖቬምበር 17
ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ማን ይከለክለኛል?

ኖቬምበር 19
ቴትሱሮ መጣ። ሳይነግረኝ፣ በጠዋቱ አውቶቡስ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ክራቫቱን አስሮ። ከነገ ወዲያ የመጨረሻው አውቶቡስ ሄዶ መንገዱ በበረዶ ምክንያት ስለሚዘጋ ሻንጣዬን እንዳዘጋጅ ነገረኝ። ልታጠብ ነው ብዬው ሄድኩ። ለቶሚኮም ሌላ ክፍል እንድትሰጠው ነገርኳት። ሰጠችው።
እራት አዳራሹ ውስጥ ነው። ስምንት ሰው፣ እያንዳንዱ በየገበታው ፊት። አጠገቤ ተቀመጠ። የሩዙ የእንጨት ዕቃ በመካከላችን። ሩዙን ጨረሰና ባዶ ሳህኑን ወደ እኔ ዘረጋው። ሳያየኝ... ሁልጊዜ እንደሚያደርገው።
ዓሣዬን በላሁ።
ሳህኑ አየር ላይ ቀረ። ወሬው ቆመ። እማማ ኪዮ ማላመጧን አቆመች። ቶሚኮ ልትቀበለው ብድግ ስትል፣ «ይተዉት፣ እጅ አለው» አልኩ። አልጮኽኩም። ድምፄ ግን እኔኑ አስደነገጠኝ።
ፊቱ ደም መሰለ። የሚወረውረው መስሎኝ ነበር።  ብቻ... ዞረና ጭልፋውን አነሳ። ግማሹን ሩዝ ሰሌኑ ላይ ደፋው። ማንም አልሳቀም። ለቃቅሞ፣ የቀረውን በላ።

ኖቬምበር 20
 እሱ በወንዶቹ ገንዳ፣ እኔ በሴቶቹ፣ መካከላችን ሳንቃ። ሲያስል ሰማሁት። አልጠራሁትም።

ኖቬምበር 21
የመጨረሻው አውቶቡስ። እማማ ኪዮም ሄደች። በመስኮቱ እጄን ጭምቅ አደረገችው።
ቴትሱሮ የአውቶቡሱ ደረጃ ሥር ቆመ። ሻንጣ አለመያዜን አየ።
«ከዚህ በኋላ እስከ ኤፕሪል አውቶቡስ የለም።»
«አውቃለሁ።»
«ሰው ምን ይላል?»
«ያለውን ይበል።»
ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ቴትሱሮ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ፣ «ሩዝ... ውኃው ስንት ነው? ለአንድ ሰው» አለ።
ለአንድ ሰው። አንጀቴን በላው። እግሬ ግን ንቅንቅ አላለም። ልኩን ነገርኩት። ቲኬቱ ጀርባ ላይ፣ በዚያ የጣቢያ አለቃ ጽሑፉ፣ አንድ በአንድ ጻፈ። ገባ። ሄዱ።
ጠምዛዛው መንገድ ላይ እስኪሰወሩ ቆምኩ። ጨካኝ ነኝ? እንጃ። ለእኔስ እስካሁን ማን አዘነልኝ?

ኖቬምበር 30
በረዶው መስኮቱ ግማሽ ደርሷል። ከነቶሚኮ አምስት ሰው ቀርተናል።
ትናንት ደውሎ ነበር። ሩዙ አንዴ አረረበት፣ አንዴ ገንፎ ሆነበት፣ በሦስተኛው ተሳካለት። የጠየቀኝ ነገር የለም። ሊነግረኝ ብቻ ነው የደወለው። እኔም ሰማሁት። ጥሩ ነው አልኩት። ልምጣ አላልኩም።
ዛሬ ረፋዱ ላይ ቶሚኮ በሩን ገፋ አድርጋ ምሳ ምን እንደሚሠራልኝ ጠየቀችኝ። «ያለው ይበቃኛል» የሚለው ከምላሴ ጫፍ ደረሰ። ዋጥኩት።
«ትኩስ የሶባ ኑድል» አልኩ። «ባሮ ሽንኩርት ይብዛበት።»