ለስብሰባና ለእሳት አንድ ደወል

ደሴ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ የአደጋ ጊዜ መገናኛ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ስለ ቃጠሎ መከላከል በየአዳራሹ ሲናገሩ የደከመው ጉሮሮዎ ፈጽሞ እንዲሻልዎ፣ ለሴሚናር ኮምቦልቻ ወርደው የሐረጎን ዳገት ወጥተው ለመመለስም ጉልበት እንዲሰጥዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት በስልክ ኦፕሬተርነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ የሰኞ ገበያ ሰፈር ነዋሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለመክሰስ አይደለም፤ ለክስ የሚሆን አቅም የለኝም። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የጎረቤቴ የሐዋ ቤት ሲቃጠል ኮሚቴዎ የቀየሰው የመገናኛ ዘዴ እንዴት እንደሠራ ስላየሁ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቀርብልዎ ብዬ ነው።

1ኛ. የቀበሌያችን ስልክ ያለ አግባብ እንዳይደወልበት በሣጥን አስገብተው ስለቆለፉልን እናመሰግናለን። የቀበሌው ዘብ ጀላል እሳቱን አይቶ ወደ ስልኩ ሲሮጥ፣ ቁልፉ በእርስዎ ኪስ፣ እርስዎም ኮምቦልቻ ነበሩ። የሴሚናሩ ርእስ «ፈጣን ግንኙነት በአደጋ ጊዜ» እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

2ኛ. ለሬዲዮውም እንዲሁ። አንዱ በጽሕፈት ቤትዎ፣ ሌላው ኮምቦልቻ በሚቆመው የእሳት አደጋ መኪና ላይ ስለሆነ ጀላል ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሮጠ። የሬዲዮ ሠራተኛዋ አትጠገብ ግን በመመሪያዎ መሠረት፣ መልእክቱ በሦስት ቅጂ ተጽፎ ማኅተም ካላረፈበት አንድ ቃል ማስተላለፍ አትችልም። ልጅቷን አልወቅስም፤ እያለቀሰች ነው የጻፈችው። ማኅተም ያዡ ተፈልጎ፣ ወረቀቱ ተመትቶ፣ መኪናው ሐረጎን ወጥቶ ሲደርስ የጠበቀው አመድ ብቻ ነበር።

3ኛ. ይህኛውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ለስብሰባ የሚመታው፣ ከባሕር ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ለአደጋም እንዲያገለግል ወስነዋል። ለስብሰባ በዝግታ፣ ለእሳት በሦስት በሦስት እየተቋረጠ ይመታ ብዬ በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጥቼዎ ነበር፤ «ይታያል» ተብሎ ፋይል ውስጥ ቀረ። እናም ጀላል መኪናው እስኪመጣ ሰው ይድረስልን ብሎ ቸርኬውን ቀጠቀጠው። ሰፈሩ ደወሉን እንደሰማ እንደ ልማዱ በሩን ዘጋ። ሦስት ሰዓት ቆሞ መፈክር ማሰማት የሰለቸው ሕዝብ ስብሰባ ሲደወል የት እንደሚገባ እርስዎም አያጡትም።

እኔም ዘጋሁ። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሐዋ ከግድግዳዬ ማዶ መተዳደሪያዋ የሆነውን የስፌት መኪና ለማውጣት ከእሳት ጋር ስትታገል፣ እኔ የሚጠራኝ ቢመጣ ታምሜያለሁ ልለው አልጋዬ ላይ ጋቢ ተከናንቤ ተኝቼ ነበር። ጩኸቷን ደወሉ ዋጠው። የወጣሁት ጭሱ በጣሪያዬ ሲገባ ነው።

ዛሬ ሁለት እጆቿ በፋሻ ተጠቅልለዋል፤ ከእንግዲህ መርፌ መያዟን ሐኪሙም እንጃ ብሏል። ልጠይቃት ስሄድ «አብሽሩ ጋሼ ሞላ፣ የርስዎ ቤት ቢሆን ወላሂ እኔም በሬን እዘጋ ነበር» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አፍራለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእሳት የራሱ ድምፅ ይሰጠው። ለስብሰባው የፈለጉትን ይምቱ፤ እንደ ፊቱ እንደበቃለን።

ስለ ትዕግሥትዎ እያመሰገንኩ፣ ግራ እጄን ድካም እስከፈቀደልኝ ድረስ፣ ማለትም እስከ ትከሻዬ ብቻ ባነሳሁበት አብዮታዊ ሰላምታ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ
ሞላ ገብረ ማርያም
ጡረተኛ የስልክ ኦፕሬተር

ሳይረሳ፦ ትናንት ቃጠሎውን ለመገምገም ስብሰባ ሲደወል፣ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ነቅሎ በመውጣቱ ንቃታችንን አድንቀው ማስታወሻዎ ላይ ሲጽፉ አይቻለሁ። ሁላችንም ውኃ የሞላ ባልዲ መያዛችንንም ጽፈው ከሆነ፣ ይህንንም ይጨምሩበት፦ ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ሐዋ ነበረች፣ ባልዲዋን በክርኗ አንጠልጥላ።