የኮሮላ እኩያ፦ የአቶ ጥላሁን እንዳላማው የሕይወት ታሪክ

አቶ ጥላሁን እንዳላማው ከአባታቸው ከአቶ እንዳላማው ተገኘና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበበች ይመር ኅዳር 12 ቀን 1959 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የሸማኔዎች መንደር ተወለዱ። ኮሮላ የምትባለው የቶዮታ መኪና ጃፓን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበችው በዚያው ሰሞን ነው። ወንድሜ ይህን ካወቁ ጀምሮ ዕድሜያቸውን ለጠየቃቸው ሁሉ፣ "የኮሮላ እኩያ ነኝ። እሷን በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ያደርጓታል፣ እኔን ግን ማንም አላሰበኝም" ይሉ ነበር።

ይህን ታሪክ የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ካሳነሽ ነኝ። የተማረ ሰው ይጻፈው ያሉኝ ነበሩ፤ አልፈቀድኩም። የወንድሜ አስከሬን ከዶሃ ከመነሳቱ በፊት በስማቸው ላይ ያለ አንድ ነገር መስተካከል አለበት፤ እሱን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

አቶ ጥላሁን በልጅነታቸው ከአባታችን ሥር ተቀምጠው የተበጠሰ ድር ይቀጥሉ ነበር። አባታችን ክር ሲበጠስ ሥራውን ወዲያው ያቆሙ ነበር፤ ተበጥሶ ከታለፈ ሸማው ሙሉ ይበላሻል። ወንድሜ በአካባቢው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ፤ ነገር ግን "የሸማኔ ልጅ" እየተባሉ ይሰደቡ ስለነበር ትምህርት ቤቱን አልወደዱትም። እኔን ደግሞ ወላጆቻችን ጭራሽ ትምህርት ቤት አልላኩኝም።

በ1976 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሄደው ሱማሌ ተራ አሮጌ መኪና ከሚፈታቱ ሰዎች ዘንድ ሥራ ጀመሩ፤ ቀጥሎም በአንድ ጋራዥ ተቀጥረው መካኒክነት ተማሩ። በ1980 ዓ.ም. ጋራዡ ሠራተኞቹን ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ላከ። አስተማሪው ስለ ቶዮታ አጀማመር ሲያስረዱ ኩባንያው መኪና ከመሥራቱ በፊት የተነሳው ከሸማ መሥሪያ ማሽን መሆኑን ተናገሩ። ማሽኑ አንድ ክር ሲበጠስበት በራሱ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ኋላም መኪና ሲሠሩ ያንኑ ሐሳብ ወደ ፋብሪካው አመጡት፤ ማንኛውም ሠራተኛ ስሕተት ካየ ከአጠገቡ ያለውን ገመድ ይስባል፣ ችግሩ ካልተፈታ ሥራው ይቆማል።

ወንድሜ የዚያን ዓመት ፋሲካ አገር ቤት ሲመጡ ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ፣ "አባዬ፣ ቶዮታ ከሸማ ቤት ነው የወጣው!" አሉ። አባታችን መወርወሪያውን እንደያዙ ቀና ብለው፣ "ታዲያ ዘመዶቻችን ከሆኑ በመንገድ ሲያልፉ ለምን ጭቃ ይረጩብናል?" አሉ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አባታችን ላንድክሩዘር ሲያልፍ ቆመው ያሳልፉ ነበር።

አቶ ጥላሁን በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሳራ ጋር ተጋብተው ገብርኤልንና ትዕግሥትን ወለዱ። ልጆቻቸውን ለማስተማር ሲሉ በ1993 ዓ.ም. ወደ ዶሃ መጡና ጋራዦች በሚበዙበት በሰናይያ ሰፈር በኡስታ ኢስማኢል ጋራዥ ተቀጠሩ። ኡስታ ማለት የሙያ አለቃ ነው፤ እሳቸው የየመን ሰው ናቸው፤ ዛሬም እዚህ ለሽኝቱ ተገኝተዋል። ጋራዡ ውስጥ ከአምስት አገር የመጡ አሥራ አራት ሠራተኞች ነበሩ፤ እርስ በርስ የሚግባቡት በአረብኛ ቁርጥራጭና በእጅ ምልክት ነበር። ወንድሜ ከጣሪያው ብረት ላይ ገመድ አንጠልጥለው ከአሮጌ ኮሮላ ጡሩምባ ጋር አገናኙት። ስሕተት ያየ ሰው ገመዱን ሲስብ ጡሩምባው ይጮኻል፣ ሁሉም መፍቻውን ያስቀምጣል። ኡስታ ኢስማኢል መጀመሪያ፣ "ያ ጥላሁን! ይሄ ጋራዥ ነው ወይስ የሠርግ አጀብ?" ብለው ተቆጡ። አንድ የሶርያ ልጅ ገመዱን ስቦ ብሎኑ ያልጠበቀ ጎማ ካሳየ በኋላ ግን ሁለተኛ አልተናገሩም።

ዘይቶቹ በትልልቅ በርሜል እየመጡ ወደ አንድ ዓይነት ነጭ ጠርሙሶች ይገለበጡ ነበር። ወንድሜ በየጠርሙሱ ላይ የዘይቱን ስም ይጽፋሉ፤ ማንበብ ለማይችሉትም አንገቱ ላይ ክር ያስራሉ። ነጭ ክር የፍሬን ዘይት ነው፣ ቀይ ክር የመሪ ዘይት። የሸማኔ ልጅ ለሁሉም ነገር ክር አያጣም።

ዓርብ ዓርብ መኪና ሊገዛ ያሰበ አበሻ ሁሉ እሳቸውን ፍለጋ ይመጣ ነበር። "ቶዮታ እኮ ነው፣ ምን ይታያል?" ይላል ገዢው። ወንድሜ ካርቶን አንጥፈው ከመኪናው ሥር እየገቡ፣ "ቶዮታ የራሱን ሥራ ሠርቶ ጨርሷል። ከዚያ ወዲህ የሠራውን ሰውዬ ነው የማየው" ይሉ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ቶዮታ በነዳጅ መስጫ ፔዳል ምክንያት በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለጥገና መልሶ ሲጠራ የጋራዡ ሰዎች፣ "ዘመዶችህ ጉድ ሆኑ!" ብለው አሾፉባቸው። እሳቸውም፣ "ገመዱን ዘግይተውም ቢሆን ሳቡት" ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ልናገር ያልኩት እዚህ ላይ ነው።

እኔ በ1998 ዓ.ም. ልጄን ቤተልሄምን የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለች ለእናቴ ትቼ ወደ ዶሃ መጥቼ በሰው ቤት ተቀጠርኩ። ዓርብ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ ወንድሜ ጋ ጋራዥ እየሄድኩ ምግብ አበስላለሁ፣ አጸዳለሁ። ነሐሴ 28 ቀን 2002 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። አዲስ ዓመት ሊገባ ስምንት ቀን ቀርቶታል፤ የሙስሊሞቹ ዒድም በዚያው ሳምንት ስለነበር ጋራዡ በሥራ ተጨናንቋል። ለዘመን መለወጫ ቤት ሁሉ ይጸዳል ብዬ የዘይት ጠርሙሶቹን ሰብስቤ፣ ክራቸውን ፈትቼ፣ በቤንዚን ፈትጌ አጠብኳቸው። በላያቸው ያለው ጥቁር ነገር ቆሻሻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የወንድሜ ጽሑፍ ነው። ማንበብ አልችልም ነበር። ክሮቹንም አጥቤ፣ አድርቄ፣ በግምት መልሼ አሰርኩ።

አስሬ ስጨርስ ልቤ ተጠራጠረ። ቀዩ የዚህኛው ነበር ወይስ የዚያኛው? ገመዱ ሥር ሄጄ ቆምኩ፤ እጄንም አነሳሁ። አሥራ አራት ወንድ ይሠራል። ለአንድ ክር ብዬ ሥራ ባስቆም ምን ይሉኛል ብዬ አፈርኩ፤ እጄን አወረድኩ። ወንድሜ ከመኪና ሥር ሆነው፣ "ካሱ፣ ነጭ ክር ያለውን አቀብዪኝ!" አሉ፤ አቀበልኳቸው። ሁልጊዜ ዘይቱን በጣታቸው አሽተው ሳያዩ አይሞሉም ነበር። የዚያን ዕለት ከእኔ እጅ ስለተቀበሉ አላዩትም።

መኪናው ያገራችን ሰው አቶ ሰይድ በሾፌርነት የሚነዱት የአሠሪዎቻቸው ላንድክሩዘር ነበር። ለካ ፍሬኑ ላይ የተሞላው የመሪ ዘይት ኖሯል፤ በአራተኛው ቀን አደባባይ ላይ ፍሬኑ እምቢ አላቸውና ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጋጩ። እግዚአብሔር ይመስገን ሌላ ሰው አልተጎዳም፤ የእሳቸው ቀኝ እጅ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሥራቸውንም አጥተው ሰባት ወር ተቀመጡ። ኡስታ ኢስማኢል ሠራተኞቹን ሰብስበው ዘይቱን ማን እንደሞላው ሲጠይቁ ወንድሜ፣ "እኔ ነኝ። የሌላ ሰው እጅ የለበትም" አሉ።

በሚቀጥለው ዓርብ መንሱራ በሚባለው ሰፈር ወደሚኖሩበት ክፍል ሄጄ እያለቀስኩ ስለ ክሮቹ ነገርኳቸው። ወንድሜ በሩን ዘጉ።

"ሌላ የሰማ ሰው አለ?"

"የለም።"

"በይ ኸላስ፣ በቃ፣ እዚህ ይቅር። አሠሪዎችሽ ሌላ ቦታ ሹግል ስትሠሪ ነበር ብለው ነገውኑ አውሮፕላን ላይ ያስቀምጡሻል። ቤቲን ማን ያስተምራታል?"

"አንተስ? ስምህስ?"

"የእኔ ስም ይጠገናል። መካኒክ አይደለሁ?"

ስማቸው ግን እንዳሉት አልተጠገነም። ኡስታ ኢስማኢል ሁለት ዓመት ጎማ ብቻ ያስፈቷቸው ነበር። አበሻውም መኪናውን ይዞ መምጣቱን ተወ፤ "ፍሬን የለሽ ጥላሁን" የሚል ስም ወጣላቸው። በየድግሱ፣ "መኪናህን መሸጥ ከፈለግህ ጥላሁን ጋ እንዳትወስደው፣ ተመልሶ አይቆምልህም" ሲባል እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። እኔ ሳህን አጥባለሁ ብዬ ከመሐል እነሳ ነበር።

አቶ ሰይድ አል አስማኽ ሰፈር ውስጥ በደባል በሚኖሩበት ቤት ወንድሜ ዓርብ ዓርብ ምሳ ይዘው ይሄዱ ነበር። ሦስት ሳምንት በሩ አልተከፈተላቸውም፤ ድስቱን ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ። በአራተኛው በሩ ተከፈተና አቶ ሰይድ፣ "አንተ ሰውዬ፣ እጄን ሰበርክ፣ እሺ። ጨው የሌለው ወጥ የምታበላኝ ደግሞ ምን በድዬህ ነው?" አሉ። ወዳጅነታቸው ከዚያ ጀመረ። አቶ ሰይድ ድነው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ሆኑ። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። ወንድሜ ለመጣል የቀረበች ነጭ ኮሮላ ገዝተው፣ በሦስት ዓመት ዓርብ ሁሉ አድሰው መንገድ ላይ አወጧት። አቶ ሰይድ ግን አንድ ቀን እንኳ አልገቡባትም። "ጥሌ፣ አንተን እወድሃለሁ። የነካኸውን ፍሬን ግን አላምነውም" ይሉና በአውቶቡስ፣ ኋላም በሜትሮ ይሄዱ ነበር። ወንድሜ ይስቁ ነበር፤ ወደ ቤት ስንሄድ ግን በየመብራቱ ፍሬኑን ደጋግመው ይሞክሩ ነበር።

ከአምስት ዓመት በፊት አሠሪ ቀይሬ ወረቀቴ ሲስተካከል እውነቱን እንናገር ብላቸው፣ "አሁን ማን ይጠቀማል?" አሉኝ። እሺ አልኩ። የመጀመሪያውን ዝምታ ወንድሜ አዘውኝ ነው እላለሁ፤ የኋላው የራሴ ነው።

ቤተልሄም ተምራ ዛሬ ባሕር ዳር ነርስ ሆናለች። ከሁለት ዓመት በፊት እኔም እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዓርብ በሚሰጠው ትምህርት ፊደል ቆጠርኩ። አንድ ቀን ወንድሜ ባዶ ነጭ ጠርሙስ ይዘው መጡና በላዩ ጽፈው፣ "ምን ይላል?" አሉኝ። ጣቴን እያስኬድኩ፣ "የ-ፍ-ሬ-ን ዘ-ይ-ት" ብዬ አነበብኩ። "ይኸው፣ ቆሻሻ አይደለም" አሉኝ።

አቶ ጥላሁን ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በጉበት ሕመም እዚሁ ዶሃ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። አስከሬናቸው ዛሬ ወደ አገር ቤት ይሸኛል፤ በትውልድ ቀያቸው በወላጆቻቸው አጠገብ ያርፋል። ይህንኑ ጽሑፍ እዚያ ልጄ ቤተልሄም ታነበዋለች። አንድም ቃል እንዳትቀንስ ነግሬያታለሁ።

ከሰው ፊት ከመቆሜ በፊት ትናንት አቶ ሰይድ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ተሰብሮ የነበረ እጃቸውን እያሹ ሰሙኝ።

"አሥራ አምስት ዓመት" አሉ። "አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ፍሬንህን አላምነውም ስለው ቆሞ ያየኛል። አንድ ቃል አይወጣውም?"

"በእኔ ምክንያት ነው። ይቅር በሉኝ።"

"አንቺን ቀስ ብዬ ይቅር እላለሁ ኢንሻአላህ፤ ዛሬ አልችልም። አሁን የኮሮላዋ ቁልፍ የት ነው ያለው?"

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ ሆይ፣ ፍሬን የለሽ የሚባል ጥላሁን አልነበረም። ክሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ጠርጥሬም ገመዱን ያልሳብኩ እኔ ነኝ። ወንድሜ ስማቸውን አውጥተው ለእኔና ለልጄ አለበሱን። ዛሬ ገመዱን ስቤያለሁ፤ ሥራውን አቁማችሁ ስሙኝ። ይህ ጸሎት እንዳበቃ ወደ አየር ማረፊያ ስንጓዝ፣ ከአስከሬኑ መኪና ፊት የምትሄደው ወንድሜ ያደሷት ነጭ ኮሮላ ናት። የሚነዷት አቶ ሰይድ ናቸው፤ ቁልፉ ከትናንት ጀምሮ በኪሳቸው ነው።

አቶ ጥላሁን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሳራን፣ ልጆቻቸውን ገብርኤልንና ትዕግሥትን፣ እኔን እህታቸውንና የእህታቸውን ልጅ ቤተልሄምን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቃችሁ፣ ላስታመማችሁ፣ ለመሸኘት ለመጣችሁ ሁሉ ድካማችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ።

የተበጠሰውን ሁሉ የምታይ ጌታ ሆይ፣ የባሪያህን የጥላሁንን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶች ጋር አሳርፋት፤ በምድር የተቀማ ስማቸውን በአንተ ዘንድ ንጹሕ አድርገህ ጻፈው። አሜን።