ስላይድ ቁጥር አርባ አንድ

አሰበ ተፈሪ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ውድ ሐምዛ፣

ይህን ደብዳቤ ቦኬ ድረስ የሚያደርስልህ የአጎትህ ልጅ በድሪ ነው። ፖስታውን በሰም አሽጌዋለሁ፤ ተከፍቶ ከደረሰህ ንገረኝ። ጠርጣራነቴን ታውቀዋለህ።

ሰልጣኝ ሆነህ ወደ ወባ ምርምር ላቦራቶሪያችን ስትመጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ደም ማቅለምን፣ በማይክሮስኮፕ ቀለበት የምትመስለውን የወባ ተውሳክ መለየትን አስተማርኩህ። በሦስት ወር ውስጥ ያንተ ውጤትና የእኔ አንድም ቀን አልተለያየም። ሌላ አስተማሪ ቢሆን ይኮራ ነበር። እኔ ግን "ይሄ ልጅ መዝገቤን እያየ ይገለብጣል" አልኩ። በዚያ ላይ ያቺ ከጋዋንህ ኪስ የማትጠፋ ደብተር! እኔ በተናገርኩ ቁጥር ታወጣታለህ። ስለ እኔ ለካድሬው የምትጽፍ እየመሰለኝ ምሳዬ አልበላ ይለኝ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ስለዚህ ወጥመድ አጠመድኩልህ። ስላይድ ቁጥር አርባ አንድ፣ ከአሰቦት የመጣው በሽተኛ ደም የተቀባበት መስታወት፣ ወባ ነበረበት፤ በሽተኛው መድኃኒቱን ወስዶ ሄዷል። እኔ ግን ሆን ብዬ "ነፃ" ብዬ ጻፍኩና መዝገቡን ገልጬ ትቼልህ ወጣሁ። ስመለስ አንተም "ነፃ" ብለሃል።

"አይተኸዋል?" አልኩህ።

"ወላሂ እትዬ አጸደ፣ ደጋግሜ አይቻለሁ።"

"ውሸታም!"

ለአዲስ አበባው ሥልጠና የጻፍኩልህን የድጋፍ ደብዳቤ ዓይንህ እያየ ቀደድኩት። ጋዋንህን አውልቀህ፣ አቀርቅረህ ወጣህ፤ አልተመለስክም።

ትናንት ጋዋን የምታጥበው ረዲያ ደብተርህን ከኪስ አግኝታ አመጣችልኝ። በሩን ዘግቼ ስሜን ፈለግሁ። በየገጹ አለ። "እትዬ አጸደ፦ የማይክሮስኮፑ ዘይት አንዲት ጠብታ ብቻ።" "እትዬ አጸደ፦ ሳትጨርስ አትፍረድ።" በመጨረሻው ገጽ ላይ አርባ አንድ ቁጥር አለ። አራት ቀለበቶች በእርሳስ ስለሃል፤ ከሥራቸው እንዲህ ይላል፦ "እኔ ይህን አየሁ። እሳቸው ነፃ ብለዋል። እሳቸው አይሳሳቱም። ዓይኔ ገና ጥሬ ነው።"

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ "ደብተሩን እኔ እንዳገኘው ሆን ብሎ ትቶት ይሆናል" ብዬ ጠረጠርኩ። አመል አይለቅም። ከዚያ ግን አፈርኩ፣ አለቀስኩም። ዓይንህ ከበሰለ ቆይቷል፤ ራሱን ያላመነው እኔን ስለፈራ ነው።

ድጋፉን እንደገና ጽፌያለሁ፤ ሥልጠናው ጥር ላይ ይጀምራል። ደብተርህን ግን ለበድሪ አልሰጠሁትም፣ ያነበዋል። ሰኞ መጥተህ ውሰድ። ስላይዱን አላጠብኩትም። በመዝገቡ ላይ የጻፍኩትን ሰርዤ ፈርሜበታለሁ፤ ከጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ነው። አንተ አይተህ እስክትጽፍበት ድረስ እኔ ውጭ እቆማለሁ።

ዓይንህን የበደለች አስተማሪህ፣
አጸደ